ለቤዝቦል ቡድን የተላከ ሽማግሌ

ሙሂዲን ያቺን ቆብ ከራሱ የሚያወርዳት ሲተኛ ብቻ ነው። ሲሰግድ እንኳ አያወልቃትም፤ ግንባሩ መሬት እንዲነካ መከለያዋን ወደ ኋላ ያዞራታል። ሰማያዊ ነች፤ ፊቷ ላይ በአንድ እግሯ የቆመች አንገተ ረጅም ወፍ ተጠልፋባታለች። ሆሎዌይ ሮድ ላይ ያለችው የልብስ ማስተካከያ ሱቄ ገብቶ ሲቀመጥ ወጣት ደንበኞቼ "የየት ቡድን ነው?" ይሉታል። "የልጄ" ይላቸዋል። ስልካቸውን አውጥተው ቼክ ያደርጋሉ፤ ምን ያገኛሉ! ቡድኑም የለም፣ ይጫወትበት የነበረው ሊግም የለም። ሁለት ሰመር ኖሮ፣ ሁለተኛውንም በቅጡ ሳይጨርስ ፈረሰ። ሙሂዲን ግን ቡድኑ ትናንት አሸንፎ የገባ ይመስል ቆቧን አስተካክሎ ይቀመጣል።

እኔ አልታየሽ እባላለሁ። ከሙሂዲን ጋር በአንድ ኢስቴት፣ ማለት በአንድ የሕንፃ ግቢ፣ በአንድ ፎቅ፣ በር ለበር ስንኖር ልጆቻችን አድገው አገቡ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሱ እስላም፤ በየበዓሉ የምንላላከው ሳህን ግን አንድም ቀን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ስለ እሱ ማውራት የምችለው ለዚህ ነው። ደግሞም ቢቆጣ ምን አባቱ ያመጣል?

አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በወጣትነቱ በሱዳን በኩል ተሰዶ እዚህ እንግሊዝ አገር ሲገባ ይዞ የመጣው አንድ ነገር ነው፤ ሰው አለመለመን። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጠይቄው አያውቅም። ስደት ላይ ሰው ፊት ቆሞ የለመነበት ቀን ይኖረዋል፤ እንዲያው እጠረጥራለሁ። ቤቱ ጠቦት ሳለ "ሰፋ ላለ ቤት አፕላይ አድርግ እንጂ" ስንለው "ይበቃናል" ይላል። ሊፍቱ ሲበላሽ ሁላችን አከራያችን ካውንስሉ ላይ ስንጮህ እሱ ዕቃውን ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል። ሚስቱ ሱልጣና፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስትሞትበት እንኳ "እርዱኝ" አላለም። በግድ ነው ጓዳው ገብቼ ሬድዋንን ያበላሁት። ከልቅሶው ይልቅ ያ ዝምታው ነበር እኔን የሚያስለቅሰኝ።

ሬድዋን አንድ ልጁ ነው። እዚሁ ሆሎዌይ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከእንግሊዝኛ ጋር የተቦካ፣ ልቡ ግን ወተት የሆነ ልጅ። ቤዝቦል የጀመረው እንዲሁ በአጋጣሚ ነው። ፓርክ ውስጥ ሲያልፍ የሚጫወቱት ሰዎች ኳስ ተፈናጥሮ እግሩ ሥር ወደቀ። "ወዲህ በላት!" አሉት። ወረወረላቸው፤ ኳሷ በሁሉም አናት ላይ አልፋ ማዶ ያለው አጥር ላይ ተላተመች። ሰዎቹ ሮጠው መጥተው ከበቡት። ልጁ ያጠፋ መስሎት ይቅርታ ሲጠይቅ እነሱ ክንዱን ይዳስሱ ነበር አሉ።

ኋላ አንድ ሚስተር ሃርግሪቭ የሚባል፣ የመታጠቢያ ቤት ሰድር ሸጦ የከበረ የስትሪትሃም ሰው፣ ከመሰሎቹ ጋር ሆኖ በዚህ አገር ደመወዝተኛ የቤዝቦል ሊግ አቋቋመ። የእሱ ቡድን ሜዳ ኬኒንግተን ነበር፤ ስሙንም በወፏ ሄሮንስ አሉት። ሬድዋንን ፈልገው አስፈረሙት። ልጁ የጀመረውን የሒሳብ ሥራ ሥልጠና ትቶ ሄደ። ሙሂዲን አላባረረውም፣ አልሰደበውምም። "ጨዋታ ሥራ ሲሆን ገና አየሁ" አለ፤ በቃ። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሰግዳሉ፤ የኳሷ ነገር ከተነሳ ሰውየው ተነስቶ ዕቃ ያጥባል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንዱ ትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳስ ይወረውራል። ፊት ለፊቱ ያለው በዱላ ሊመታት ይሞክራል። ከዱላው ጀርባ ሌላ ሰው ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በብረት ሸፍኖ፣ በትልቅ ጓንት ያመለጠችውን ይቀልባል። የቀሩት ቆመው ይጠብቃሉ። ኧረ መጠበቁስ! መጀመሪያ ቀን ሹራቤን ይዤ ሄጄ ግማሹን ሠራሁ። ሬድዋን ወርዋሪው ነበር። ሊወረውር ሲል አንድ እግሩን እስከ ደረቱ ያነሳና ልክ እንደ ቆቡ ወፍ ትንሽ ይቆማል፤ ያኔ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ ሹራብ ይዤ ሄጄ አላውቅም።

ሁለተኛው ሰመር አጋማሽ ላይ ተመልካቹ ሳሳ፣ አንዳንዱ ቡድን ሳይመጣ መቅረት ጀመረ። አንድ ቀን ሬድዋን ሱቄ መጥቶ፣ አሮጌ ክር እየጠቀለለ፣ "አንቲ፣ ኢትስ ፊኒሽድ" አለኝ። "እሁድ ከሰዓት የመጨረሻችን ነው። ሊጉ ይዘጋል።"

"ውይ ልጄን! አሁን ምን ትሆናለህ?"

"ሥራ አገኛለሁ፤ እሱ አይደለም።" ክሩን አስቀመጠው። "አባዬ አንድ ቀን እንኳን አላየኝም። አንዴ ስወረውር ቢያየኝ፣ ዛትስ ኢት። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

በማግስቱ ሙሂዲን ከሥራ ሲመለስ ጎትቼ አስቀመጥኩት።

"ልብህ ከምንድን ነው የተሠራው አንተ ሰው? እሁድ የመጨረሻቸው ነው። ልጁ አንዴ ቢያየኝ ነው የሚለው፤ ኩላሊትህን ስጠኝ አላለህ!"

"ለምንድን ነው የሚዘጋው?" አለኝ።

"እኔ ምኑን አውቄ! ባለቤቱ በቃኝ ብሏል አሉ።"

"ሽማግሌ ተልኮበታል?"

ሳቄ አመለጠኝ። "እንግሊዝ ላይ? በስመአብ! ተወኝ እስቲ ሙሂዲን፣ የሰው ቀሚስ ይዣለሁ።"

እሱ አልሳቀም። "እሁድ እመጣለሁ፤ ፈረቃዬን እቀይራለሁ። ንገሪው" ብሎ ወጣ።

ነገርኩት። ሬድዋን "ሪሊ?" አለ፤ ደግሞ "ሪሊ አንቲ?" አለ። የአባቱን ስም በአማርኛ እንድጽፍለት ለመነኝና እሱ ፊደል ስለማያውቅ እንደ ሥዕል እያየ በወፍራም እስክሪብቶ ገለበጠው። እሁድ ሜዳው ስደርስ ያንን ወረቀት ከፊት ረድፍ ወንበር ላይ ለጥፎት አገኘሁ። "ሙሂዲን" ይላል፤ "ሙ"ው ትንሽ ዘመም ብሏል።

ከጎኑ ባለው ወንበር ተቀመጥኩ። ሰዉ ገባ፣ ተጫዋቾቹ ወጡ፣ ጨዋታው ተጀመረ፤ ያ ወንበር ባዶ። ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሬድዋን ያን ቀን አወራወሩ ሌላ ነበር። ዱላ የያዙት አየር ሲመቱ ዋሉ። በየመሐሉ ግን ወደ እኔ ያያል፣ እኔም ሰው የሚመጣ ይመስል ወደ በሩ አያለሁ። እመብርሃን ትመስክር፣ ሙሂዲን ያኔ ቢገኝ ኖሮ በጃንጥላዬ እለው ነበር።

የት እንደነበር ሁላችንም የሰማነው ኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ ስሙት።

ለካስ ሰውየው ሳይቀልድ ኖሯል! ጋሽ ኪዳኔንና ሐጂ አኑዋርን ሽማግሌ አድርጎ ወደ ሚስተር ሃርግሪቭ ልኳቸዋል። ጋሽ ኪዳኔ የተጣላ ባልና ሚስት ሳያስታርቁ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ሐጂ አኑዋር ደግሞ ስትሪትሃም ሥጋ ቤት ስለነበራቸው የሰውየውን ቤት ያውቁታል። ሦስተኛ ሰው ፈልገው አጡ አሉ። እኔ አልሞላም ነበር? "የአልታየሽ አፍ ወንፊት ነው፣ ሳንደርስ ከተማው ይሰማል" ተባብለው ነው የደበቁኝ። ይሁን፣ ይቅር ብያለሁ።

ሙሂዲን ያሰበው እንዲህ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ባለቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ፣ በጠዋት ነው። በጠዋት ይገባሉ፣ ይናገራሉ፣ እሺ ያሰኛሉ፣ ከሰዓት ኬኒንግተን ደርሶ የምሥራቹን ለልጁ ይነግረዋል። በአሮጌ መኪናው አድርሷቸው፣ እሱ ባለጉዳይ ነውና ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ባለጉዳይ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይገባም፤ ደጅ ይጠናል።

እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች በጥቁር ሙሉ ልብስ፣ አንዱ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ አንዱ ጥምጣም አድርገው፣ በእሁድ ጠዋት በሩን አንኳኩ። የሰውየው ሚስት በመጋረጃው ቀዳዳ አየቻቸው። ከቤት ቤት እየዞሩ የሚሰብኩ መስለዋት "ዝም በል፣ ራሳቸው ይሄዳሉ" አለችው ለባሏ። የእኛ ሽማግሌዎች ግን አይሄዱም! በር ስላልተከፈተ የሚመለስ ሽማግሌ ማን አየ? ባለቤቱ እስኪከፍት ይቆማል። አንዴ አንኳኩተው፣ ድጋሚ ማንኳኳት ነውር ነው ብለው፣ ካፊያው እየወረደባቸው ቆሙ። ሴትየዋ እኩለ ቀን ላይ ቆሻሻ ልታወጣ ስትከፍት እዚያው አገኘቻቸው። ደንግጣ ልትወድቅ ነበር።

ሚስተር ሃርግሪቭ የሐጂ አኑዋርን ፊት ሲያይ ለየ። ጋሽ ኪዳኔ "ስለ ልጃችን ስለ ሬድዋን ነው የመጣነው" ሲሉት ደግሞ ፊቱ ነጣ፤ በጥቁር ልብሳቸው ልጁ የሞተ መስሎታል። ሳሎን አስገባቸው። ሻይ መጣ፣ ብስኩት መጣ። አልነኩትም።

"እባካችሁ ጠጡ፣ ይቀዘቅዛል" ይላል ሰውየው።

"እሺ ይበሉንና እንጠጣለን" ይላሉ ጋሽ ኪዳኔ።

"ምኑን ነው እሺ የምለው?"

"ቡድኑን እንዳይዘጉት።"

ሴትየዋ የመጀመሪያው ሻይ ጥሩ አልሆነም ብላ ሌላ አፈላች። እሱም ቀዘቀዘ። ጋሽ ኪዳኔ ቁርስ አልቀመሱም ነበርና "እዚያ ብስኩት ላይ ዓይኔ ሲንከራተት ሐጂ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ" ይላሉ እስከዛሬ። ሰውየው ግን ደግ ነበር። በልጅነቱ ይህን ጨዋታ እንዴት እንደወደደው፣ ጨዋታው ስንት ገንዘብ እንዳስከሰረው፣ ዛሬ ሜዳ ሄዶ የልጆቹን ፊት ማየት አፍሮ ቤቱ እንደተደበቀ አንድ ባንድ ተረከላቸው። የኛ ሰዎች ሲሰሙት የሱን ሐዘን እያስታመሙ ያሉ መሰላቸው።

ወሬው ሲረዝም ጋሽ ኪዳኔ ወደ ደጅ ወጡ። "ሙሂዲን፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው። አንተ ሂድ፣ እኛ እንጨርሰዋለን" አሉት።

ልብሱ በካፊያው ርሶ ቆሞ ነበር። "ባለጉዳዩ ደጁን ጥሎ ከሄደማ ምኑን ለመነ?" አላቸው። "ዛሬ ቢያመልጠኝም፣ ሰውየው እሺ ካለን ገና ብዙ አያለሁ።" ስልኩንም አጠፋው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ስልክ አይጮህም ብሎ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

በመጨረሻ ሚስተር ሃርግሪቭ አንድ ነገር ጠየቃቸው። "እኔ ዛሬ እሺ ብል፣ ነገ ከማን ጋር ይጫወታሉ? ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ፈርሰዋል። የዛሬው ተጋጣሚ እንኳን ለስንብት ነው የመጣው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ አኑዋር "እውነትህን ነው" አሉት፤ ሳይቀምሱ ተነሱ። ሰውየው በር ድረስ ሲሸኛቸው "ግን ማን ነው የላካችሁ?" አለ።

"አባቱ። ያው ደጅ ቆሟል።"

አሻግሮ አየ። "ጨዋታው እኮ አሁን ነው! ለምን እዚያ አልሄደም?" አለና መልስ ሳይጠብቅ የመኪናውን ቁልፍ ሊያመጣ ሮጠ።

እኛ ጋ ያኔ ሁሉም አልቋል። ሄሮንስ አሸንፈዋል፤ የሚቀጥል ነገር ለሌለው ድል ትንሽ ተጨበጨበ። ተመልካቹ ወጣ። ተጫዋቾቹ እየተቃቀፉ ስልክ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሠራተኛ ሯጮቹ የሚረግጧቸውን የሜዳውን ነጫጭ ትራሶች እየነቀለ ጋሪ ላይ ይጭናል። ሬድዋን አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ጫማውን ሊያወልቅ ያስባል፣ ይተወዋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጀርባውን አሻሸሁት።

በዚህ መሐል በበሩ ሲገቡ አየኋቸው፤ ሙሂዲን ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ከነሱ ኋላ ቁልፍ በእጁ ያንጠለጠለ እንግሊዛዊ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" ብዬ ጮህኩበት። "አሁን ምን ልታይ መጣህ? ሣሩን?"

ሙሂዲን አልፎኝ ልጁ ፊት ደርሶ ቆመ። ሬድዋን ቀና ብሎ አላየውም።

"ኢትስ ፋይን አባዬ። አለቀ።"

ነገር ግን የሱልጣና ልጅ ነው፤ ቢቆስልም ሽማግሌ ቆሞ አያይም። ተነስቶ ከሳጥኑ የውሃ ጠርሙሶች አወጣና በሁለት እጁ አቀረበ። ጋሽ ኪዳኔ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

"እሺ ሳንባል አንቀምስም፣ ልጄ።"

"ማን ነው እሺ የሚለው?" አለ ሬድዋን ግራ ተጋብቶ። "ሽማግሌ ለሠርግ አይደለም እንዴ እርስዎ የሚሄዱት?"

"ዛሬስ ለአንተ ነው የሄድነው" አሉ ሐጂ አኑዋር። "አባትህ ልኮን፣ ከጠዋት ጀምሮ እኚህ ሰውዬ ቤት ነበርን። እሱ ደጅ ቆሞ ነው የዋለው። ውሃም አልቀመሰ።"

ሬድዋን ቀስ ብሎ ወደ አባቱ ዞረ። ቤቱ ሲጠበው ያልጠየቀ፣ ሚስቱ ስትሞት ያልጠየቀ ሰው እንደሆነ ከኛ ሁሉ አስበልጦ የሚያውቀው እሱ ነው።

"ለመንክ? አንተ?"

"አልሆነም" አለ ሙሂዲን።

"ምን ብለህ ለመንክ?"

በሙሂዲን ፈንታ ሐጂ መለሱለት። "ልጄን ገና አላየሁትም፣ እስካየው አትዝጉት በሏቸው ነው ያለን።"

ሚስተር ሃርግሪቭ አማርኛው ባይገባውም ፊቱን አዞረ። እኔማ ተዉኝ፣ በሻሼ ጫፍ ዓይኔን ስጠርግ ነበር። ሬድዋን ጠርሙሱን ለአባቱ ዘረጋለት። ሙሂዲን በጣቱ መለስ አደረገው።

"አልቀምስም።"

ልጁ ጠርሙሱን መሬት አኖረ። ጓንቱን አንስቶ ወደዚያ አፈር ጉብታ ሄደ። የሬድዋንን ኳስ የሚቀልብለት፣ ከሥሩ የማይጠፋ አንድ ዶሚኒካዊ ነጠላ ጫማውን አድርጎ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ነበር፤ ሬድዋን ጉብታው ላይ መቆሙን ሲያይ ማንም ምንም ሳይለው ሻንጣውን ጥሎ የፊት ብረቱን አጠለቀ፣ በነጠላ ጫማው ቁጢጥ አለ። ትራስ ነቃዩም ጋሪውን አቆመ። ሙሂዲንን ክንዱን ይዤ ከቀላቢው ኋላ ካለው መረብ ጋ አቆምኩት።

ሬድዋን እግሩን አነሳ። ቆመ። ወረወረ።

ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ጧ ስትል ሙሂዲን ዝቅ አለ፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ሳቀ። እሱ አልሰማም። መረቡን በሁለት እጁ ጨበጠና "ድገማት" አለ። ሬድዋን ደገማት። ሁለተኛዋ ላይ አልጎነበሰም። "ሱብሐነላህ" አለ ለራሱ፤ "በዚህ እጅ ነው እኔ ሒሳብ ሥራ ያልኩት?" ልጁ ከዚያ በኋላ ሳይነገረው ይወረውር ጀመር፤ ከሰዓቱን ሙሉ እንዳልወረወረ ሁሉ፣ ላቡ በአገጩ እስኪወርድ። ሙሂዲን ዓይኑን አልነቀለም። እንባው እየወረደ አልጠረገውም፤ ለመጥረግ እጁን ከመረቡ ማንሳት አለበት።

ሬድዋን ክንዱ ሲዝል ከጉብታው ወርዶ መጣ። ቆቡን አውልቆ አባቱ ራስ ላይ አደረገለት፤ ትንሽ ሰፋችው።

ሙሂዲን ቆሞ ውሃ አይጠጣም፤ ነውር ነው ይላል። ዘወር ብሎ ስሙ የተጻፈበትን ወንበር አየ። "ሙ"ዋን በጣቱ ነካ አደረጋት፣ ወረቀቱን ሳይነቅል ተቀመጠ።

"አሁን ያንን ውሃ ስጠኝ" አለው ልጁን።

ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ። ጋሽ ኪዳኔም ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ።